«ይሰቀል!» ከማለታችሁ በፊት



 የዛሬው ርዕሳችን ከበድ ይላል። ስለ እስር ቤትና ስለ ሞት ፍርድ ነው። «ይሄ ደግሞ ከእኔ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ሊኖር ይችላል። እስቲ አስቡት። አንድ ዘግናኝ ግድያ ሲሰማ፣ በተለይ የተገደለችው ሕፃን ስትሆን፣ ስልካችንን አንስተን ምን እንጽፋለን? «ይሰቀል!» እንላለን። «አደባባይ ላይ ይሰቀል፣ ሌላውም ይማር!» እንላለን። ጽፈን እንጨርስና ወደ ሌላው ቪዲዮ እናልፋለን። ለእኛ አንዲት ቃል ናት፤ አላህ ዘንድ ግን ቃል ሁሉ ይመዘገባል። ስለዚህ ዛሬ ያቺን ቃል ቆም ብለን እንያት። ምን እየጠየቅን ነው? የመጠየቅ መብቱስ የማን ነው?

ጉለሌ ከምታውቁት ሰፈር እንጀምር። በዚሁ በሰሜኑ የአዲስ አበባ ክፍል በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም የሚጠራ መንገድ አለ። በላይ ዘለቀ ጣሊያንን በጎጃም በረሃ የተዋጋ አርበኛ ነው። አገር ነፃ ከወጣች ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በጥር 1937 ዓ.ም.፣ በአመፅ ተወንጅሎ በገዛ አገሩ መንግሥት ፍርድ አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ከዚያው ወደ ፒያሳ አቅጣጫ ወረድ ስትሉ ደግሞ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል። እሳቸውን የጣሊያን ወታደራዊ ፍርድ ቤት ሞት ፈረደባቸውና ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ።

ሁለቱም በፈረዱባቸው ሰዎች ዓይን ወንጀለኞች ነበሩ። ዛሬ አንዱ መንገድ ሆኖ እንሄድበታለን፣ ሌላው ሐውልት ሆኖ እናልፈዋለን። ይህን የማነሳው ሞት የተፈረደበት ሁሉ ጀግና ነው ለማለት አይደለም። ነፍሰ ገዳይ ነፍሰ ገዳይ ነው። ማለት የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ ያንን ፍርድ የፈረሙት ሰዎች እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ልክ እኛ «ይሰቀል» ስንል እርግጠኛ እንደምንሆነው እነሱም እርግጠኛ ነበሩ። እርግጠኛ መሆን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

እሺ፣ ሕጋችን ምን ይላል? ብዙዎቻችን ሳናውቀው ነው የምንጮኸው። በኢትዮጵያ የሞት ቅጣት ዛሬም በሕግ አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለከባድ ግፍ ግድያና ለሌሎች ጥቂት ወንጀሎች ይፈቅደዋል። ግን አጥር አበጅቶለታል። ወንጀሉ ተፈጽሞ ያለቀ መሆን አለበት፤ ወንጀለኛው ድርጊቱን ሲፈጽም 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ፍርዱም ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው አይፈጸምም። ደግሞ ልብ በሉ፤ ይኸው ሕግ በአደባባይ መስቀልን ይከለክላል። መጋቢት 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ላይ ሕዝብ እያየ ተሰቅሎ ነበር። የዛሬው ሕግ ያንን ትዕይንት አይፈልገውም። እና እኛ ስልካችን ላይ «አደባባይ ይሰቀል» ብለን ስንጽፍ፣ የአገሪቱ ሕግ ራሱ ያፈረበትን ነገር ነው መልሰን የምንጠራው።

ባለፉት ሠላሳ ምናምን ዓመታት በፍርድ ቤት ተወስኖ በአገራችን መፈጸሙ የሚታወቀው የሞት ቅጣት ሁለት ነው። አንደኛው ጄኔራል ኃየሎም አርአያን የገደለው ሰው በ1990 ዓ.ም. የተገደለበት ነው። ሁለተኛው የደኅንነት ሹሙን ክንፈ ገብረመድኅንን የገደለው ሻለቃ ሐምሌ 30 ቀን 1999 ዓ.ም. የተገደለበት ነው። ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤቶች ሞት ይፈርዳሉ፣ ፍርዱ ግን ሳይፈጸም ይቆያል። የሁለቱን ሟቾች ማንነት አስተውላችኋል? አንዱ ጄኔራል፣ አንዱ የደኅንነት ሹም። ልጇ በጩቤ የተገደለባት ድሃ እናት ግን ፍርዱ ሲፈጸም አላየችም። እኔ እንዲፈጸም እየጠየቅኩ አይደለም። ግን የሞት ቅጣት «ለተበዳይ ፍትሕ ነው» ሲባል፣ ለየትኛው ተበዳይ ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ሞት ተፈርዶበት ፍርዱ ያልተፈጸመበት ሰው እንዴት ይኖራል? ሌላው ታራሚ ቀን ይቆጥራል። «ይህን ያህል ቀረኝ፣ በአመክሮ ይህን ያህል ይቀነስልኛል» ይላል። የሞት ፍርደኛ ግን የሚቆጥረው ቀን የለውም። የሚጠብቀው አንድ ፊርማ ነው። ፊርማው ነገ ሊመጣ ይችላል፤ ሃያ ዓመትም ሊቆይ ይችላል። በር በተከፈተ ቁጥር፣ ስሙ በተጠራ ቁጥር ልቡ ምን እንደሚል አስቡት። እኛ በስንፍናችን የምንረሳውን ሞት እሱ በየሰዓቱ ያየዋል።

ከሱ ጋር ደግሞ ያልተፈረደባቸው ሰዎች ይታሰራሉ። አንዲትን የሽሮ ሜዳ እናት በሐሳባችሁ ሳሉ። ሌሊት ተነስታ ወጥ ትሠራለች። ስንቁን በፌስታል ቋጥራ ታክሲ ትይዛለች፤ መሀል ከተማ ወርዳ ሌላ ትቀይራለች፤ ሳሪስን አልፋ ቃሊቲ ትደርሳለች። ከከተማው ሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ ማለት ነው። ተሰልፋ ትፈተሻለች። ብዙ ቦታ እንደሚደረገው፣ ይዛው ከመጣችው ምግብ «ቅመሺ» ትባላለች፤ ልጇን እንዳትመርዝ! ጥቂት ደቂቃ ታየዋለች። ባዶ ሰሃኗን ይዛ ትመለሳለች። ሰፈር ስትደርስ ደግሞ ጎረቤት «የነፍሰ ገዳዩ እናት» ይላታል። ይህች እናት ማንን ገደለች? ከእሱ ጋር የሚያድጉት ልጆቹስ? አላህ በቁርአኑ ማንም ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም ነግሮናል። እኛ ግን ሸክሙን ለቤተሰቡ በሙሉ እናከፋፍላለን።

ስለ ሞት ፍርደኛ ሳስብ ኹበይብ ኢብኑ ዐዲይ (ረ.ዐ.) ይታወሰኛል። ሰሓባ ነበር። በክህደት ተይዞ መካ ላይ ተሸጠ፤ በድር ላይ ሰው ስለገደለባቸው ሊገድሉት አሰሩት። በቡኻሪ እንደተዘገበው፣ ሊገደል ሲቃረብ ከቤቱ ሴት ልጅ ምላጭ ተዋሰ። ሳታስተውል ትንሽ ልጇ ወደሱ ሄደ፤ ዞር ስትል ልጁ የኹበይብ ጭን ላይ ተቀምጧል፣ ምላጩም እጁ ላይ ነው። ደነገጠች። እሱ ግን ልጁን እንደማይነካው ነግሮ አረጋጋት። ኋላ ላይ ከሱ የተሻለ እስረኛ አይታ እንደማታውቅ መሰከረች። ከሐረም ውጭ ወስደው ሲገድሉት ሁለት ረከዓ ለመስገድ ፈቃድ ጠየቀ።

ኹበይብ በደል የተፈጸመበት ንጹሕ ሰው ነበር፤ ከነፍሰ ገዳይ ጋር አይነጻጸርም። ታሪኩን ያነሳሁት ለሌላ ነገር ነው። ከውጭ ላሉት እሱ «ደመኛ» ብቻ ነበር። ከውስጥ ያየችው ሴት ግን ሰው አየች። ሰውን ሩቅ ሆነን ስናየው አንድ ድርጊት ብቻ ይመስለናል፤ ቀርበን ስናየው ሙሉ ሰው ነው። ይህ ለንጹሑም ለበደለኛውም እውነት ነው።

«ታዲያ የሟች ቤተሰብስ? እነሱስ ሰው አይደሉም?» ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ናችሁ። ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበትም ይኸው ነው። ስለ እስረኛ የሚያለቅስ ሰው አንዳንዴ ሟቹን ይረሳዋል። ሟቹ ስንቅ የሚያቀብሉት የለም፤ እናቱ የምትጠይቀው መቃብር ነው። ስለዚህ «ይቅር በሉ፣ ይቅርታ ጥሩ ነው» ብሎ በሰው ደም ላይ ቸር መሆን ቀላል ነው። የኔ ልጅ ካልሞተ ይቅርታው ምን ከፈለኝ?

የዲናችን ሚዛን እዚህ ላይ ነው የሚታየው። ቂሳስን አላህ ደንግጎታል፤ በውስጡም ሕይወት እንዳለ ነግሮናል። ይህን ማንም ሙስሊም አይክድም። ግን ሱረቱል በቀራ ላይ ስለ ቂሳስ የተነገረውን በደንብ ስታነቡት፣ እዚያው ድንጋጌው መሀል የይቅርታ በር ተከፍቶ ታገኙታላችሁ። ገዳዩም ለሟች ወገን «ወንድም» ተብሎ ነው የተጠራው። ሱብሓነላህ! ደም ፈሶ፣ ለቅሶው ሳይደርቅ፣ «ወንድም» የሚለው ቃል አልተነሳም። ሱረቱል ኢስራእ ላይ ደግሞ ሥልጣኑ የተሰጠው ለሟች ወገን ነው፤ እሱም ቢሆን ድንበር እንዳያልፍ ተነግሮታል።

በሙስሊም የተዘገበ አንድ ታሪክ አለ። አንድ ሰው ወንድሙን የገደለውን ሰው በጠፍር አስሮ እየጎተተ ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያመጣዋል። ገዳዩ መግደሉን አመነ፤ ቅጠል እየረገፉ ሳለ ተሰዳድበው በመጥረቢያ መትቶት ነበር። ነብዩ የሚከፍለው ነገር እንዳለው ጠየቁት። ከልብሱና ከመጥረቢያው በቀር ምንም አልነበረውም። ወገኖቹ ይከፍሉለት እንደሆነ ሲጠየቅም እነሱ ዘንድ ያን ያህል ዋጋ እንደሌለው ተናገረ። ነብዩ ጠፍሩን ለሟች ወንድም ሰጡት። መብቱ የሱ ነውና አልነጠቁትም። ግን መከሩት፤ ስለ ወንጀልና ስለ አኼራ አስታወሱት። ሰውየውም ጠፍሩን ለቀቀው።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ስንት ሰው አለ? ተበዳይ፣ በዳይ፣ ፈራጅ። ዙሪያውን ከቦ «ግደለው! ግደለው!» የሚል ሕዝብ የለም። የኔና የናንተ ቦታ በታሪኩ ውስጥ የለም ማለት ነው። ዛሬ የምላችሁ ዋና ነገር ይኸው ነው። የመግደል ጥያቄም የይቅርታ ስጦታም የተበደለው ሰው ነው። እኛ አልተበደልንም፤ ፈራጅም አይደለንም። ሰው ሆኖ ማዘን የሁላችንም ነው። ደም መጠየቅ ግን የኛ አይደለም፤ በሌላ ሰው ስም ይቅር ማለትም የኛ አይደለም።

ይህን አገራችን ታውቀው ነበር። ወሎ ውስጥ አባጋር የሚባሉ ሽማግሌዎች ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን ደም ያስታርቃሉ። የአባጋር ሥራ በአንድ ቀን አያልቅም። ወደ ሟች ቤት ይመላለሳሉ፤ እምቢ ይባላሉ፤ ደግመው ይሄዳሉ። የሟች ወገን እሺ ካላለ እርቅ የለም። ካሳ ይከፈላል፣ ደም ይደርቃል፣ የልጅ ልጅ ደም መላሽ ሆኖ አያድግም። በዘመናዊው ሕጋችን ግን የሟች ወገን ይቅር ቢልም ባይልም ክሱ የመንግሥት ነው፤ ይቅርታውም ከላይ ነው የሚመጣው። ለዚህ ምክንያት አለው። ሀብታም በገንዘቡ ደም እየገዛ እንዳያመልጥ ሕግ ለሁሉም እኩል መሆን አለበት። ግን አንድ ነገር ጎደለ፤ የተበደለውን ሰው ማንም ቁጭ አድርጎ «አንተስ ምን ትላለህ?» አይለውም።

በኛው አገር ታሪክ ይህ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ 60 ያህል የንጉሡን ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ከርቸሌ ውስጥ ረሸነ። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከነሱ መሀል ነበሩ። ከዚያ በፊት በከተማው «ይገደሉ» የሚል ድምፅ አልጠፋም ነበር። ጠበቃ የለም፣ ምስክር የለም፣ ለቤተሰብ ሬሳ የለም። በዚያው ግቢ በጅምላ ተቀበሩ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ቀይ ሽብር ከወላጆቻችሁ ጠይቁ፤ ጉለሌም ሆነ ሌላው ሰፈር ያልነካው ቤት ጥቂት ነው።

ዘመን ዞረ። በ1983 ዓ.ም. ገዳዮቹ ራሳቸው ታሰሩ። ከታህሳስ 1987 ዓ.ም. ጀምሮ ለ12 ዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሱ። ጠበቃ ቆመላቸው፤ ምስክር ተሰማ፤ እነሱ ለሌላው የነፈጉት ሁሉ ተሰጣቸው። በጥር 1999 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ ሞት ለወጠው። ያኔ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ የሃይማኖት አባቶች በመሀል ገቡ። በ2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ ሞቱን ወደ ዕድሜ ልክ ቀየሩት። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 28 ላይ እንዲህ ላለው ወንጀል ምሕረት ባይፈቅድም ሞቱን ወደ ዕድሜ ልክ ማሻሻል ይፈቅዳል። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ብዙዎቹ 20 ዓመት ታስረው ተፈቱ።

ልጆቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች ግን ሁሉም አልተደሰቱም። «ይቅርታውን ከኛ ማን ጠየቀን?» ያሉ ነበሩ። ይህን ቅሬታ አታቃልሉት። ባለሥልጣናቱ አለመገደላቸው ስህተት ነበር አልልም፤ ሌላ ሃያ ሬሳ የቀደመውን ሬሳ አያስነሳውም። የጎደለው ከቤት ወደ ቤት የሚደረገው ጉዞ ነበር፤ የአባጋሩ ጉዞ። መንግሥት ነፍስ ማትረፍ ይችላል። ይቅርታን ግን በአዋጅ ማውጣት አይችልም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ምክንያቱም «ወንጀለኛ» የሚለው ስም አንድ ቀን የኛው ሰው ላይ ይወድቃል። ሐምሌ 2004 ዓ.ም. የሙስሊሙን ጥያቄ ይዘው የተመረጡት የኮሚቴ አባላት ታሰሩ። ማዕከላዊ ገቡ፣ ቃሊቲ ወረዱ። የተከሰሱበት የ2001ዱ የፀረ ሽብር አዋጅ በውስጡ የሞት ቅጣት ነበረው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። አገር በቴሌቪዥን «አሸባሪ» ተብለው ሲቀርቡ አይቷል፤ አንዳንዱም አምኗል። ከዚያ በ2009ና በ2010 ዓ.ም. ተፈቱ፤ ዛሬ ኡስታዞቻችን ናቸው፣ ከነሱ እንማራለን። «የታሰረ ይፈታል» ይባላል። የሞተን ግን ማን ይፈታዋል?

በሳውዲ ዐረቢያ ሞት ተፈርዶባቸው ከተገደሉ የውጭ ዜጎች መካከልም ኢትዮጵያውያን አሉ። ብዙዎቹ ድህነት ገፍቷቸው በየመን በኩል የተሻገሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሐሺሽ አሻግራችኋል ተብለው ነው። ስለ እንዲህ ያለ ወገን ስንሰማ «ያ አላህ አትርፈው» እንላለን፤ ለዲያ ገንዘብ አዋጡ ሲባል እናዋጣለን። መልካም ነው፤ አላህ ይቀበለን። ግን ልባችንን እንጠይቀው። የኛ ሲሆን «አትርፉት»፣ የሌላው ሲሆን «ስቀሉት» ካልን፣ ሚዛናችን ፍትሕ ሳይሆን ዝምድና ነው። ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ያለ ጥፋቱ ታስሮ፣ ንጉሡ «ይውጣ» ብሎ ሲጠራው እንኳ እውነቱ ሳይጣራ አልወጣም። እሱ በራሱ ላይ የተነገረው እንዲጣራ ጠበቀ፤ እኛ በሌላው ላይ የተነገረውን አንድ ቀን እንኳ መጠበቅ አቃተን።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ዝም ማለትን እንልመድ። ያላየነውን ወንጀል፣ ያልሰማነውን ምስክር ይዘን ፍርድ አንጻፍ። ያየን ከሆነ ግን ዝም አንበል፤ ፖሊስ ጣቢያም ፍርድ ቤትም ሄደን እንመስክር። በኮመንት አንበሳ የሆነ፣ ለምስክርነት ሲጠራ ግን «እኔ ምን አገባኝ» የሚል ስንቱ ነው! ፍትሕ የሚጎድለው ቅጣቱ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ምስክር ስለጠፋም ነው።

ቀጥሎ የሟችን ቤት አንርሳ። ለቅሶው ሦስት ቀን ነው፤ ሐዘኑ ግን ዓመታት ነው። ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ፣ ስድስተኛው ወር ላይ ሄዳችሁ «እናቴ፣ እንዴት ነሽ?» በሏት። የቤት ኪራይ ጎድሎባት ይሆናል፤ ፍርድ ቤት አብሯት የሚሄድ ሰው ፈልጋ ይሆናል። ፍትሕ እንድታገኝ ከልባችሁ ከፈለጋችሁ፣ «ይሰቀል» ብላችሁ ከምትጽፉላት ቀጠሮው ቀን አብራችኋት ብትሄዱ ይሻላታል።

የታሰረውንም አስቡ። ሱረቱል ኢንሳን ላይ አላህ የደጋጎችን ባሕርይ ሲዘረዝር፣ ምግብን እየወደዱት ለድሃ፣ ለየቲምና ለምርኮኛ ማብላታቸውን አንስቷል። ከሰፈራችሁ ቃሊቲ ወይም ቂሊንጦ የሚመላለስ ቤተሰብ ካለ አንድ ቀን ስንቁን ያዙላቸው፤ የታክሲውን ቻሉላቸው። ልጁ ትምህርት ቤት «የእስረኛ ልጅ» ሲባል ከጎኑ ቁሙ። ይህን ስታደርጉ ወንጀሉን አላጸደቃችሁም። የሰውየው ሒሳብ ከፍርድ ቤቱም ከአላህም ጋር ነው። የናንተ ሒሳብ ደግሞ የናንተ ነው።

አንድ ቀን ሁላችንም ፈራጅ ፊት እንቆማለን። ያኔ ጠበቃ የለም፣ ይግባኝ የለም። ያን ቀን የምንመኘው ፍትሕን ብቻ ነው ወይስ ራሕመትንም? ለራሳችን የምንመኘውን ለሌላው «አይገባውም» ለማለት እኛ ማን ነን?

አላህ ሆይ፣ በግፍ ለተገደሉት እዘንላቸው። ለቤተሰቦቻቸው ሶብር ስጣቸው፣ ሐቃቸውንም አታስቀርባቸው። በግፍ የታሰሩትን አውጣቸው፤ የበደሉትን ወደ ተውባ ምራቸው። ምላሳችንንና ጣታችንን ከሰው ደም ጠብቅልን። አሚን።

ጁምዓ ሙባረክ!